በስማችሁ ግቡ፦ ጠበቃና ማኅበራዊ ሚዲያ

(ለሥራ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

ጤና ይስጥልኝ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ጠበቃ ማኅበራዊ ሚዲያን ለምርምርና ለሙያ ትውውቅ እንዴት ይጠቀምበት» የሚል ነው። ከራሴ ውርደት ልጀምርላችሁ።

ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን አንድ የብድር ክርክር ይዤ ነበር። ተከሳሹ «ሰባራ ሳንቲም አልተበደርኩም» ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ክዷል። አንድ ቀን ደንበኛዬ እያለከለከ መጣና ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። ተከሳሹ በፌስቡክ ገጹ ላይ «አበዳሪዬ ትዕግሥቱን ጨርሷል፤ እኔ ደግሞ ገንዘቡን» ብሎ ሲቀልድ ይታያል። እግዜር የሰጠኝ ማስረጃ ነው ብዬ ስክሪንሹቱን አተምኩና ከመዝገቡ ጋር አያያዝኩት። የተከሳሹ ጠበቃ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁ። ይህን ምስል ማን አነሳው? መቼ? የገጹ ሊንክ የት አለ? አንዱንም መመለስ አቃተኝ። ምስሉ ደንበኛዬ ከወዳጁ፣ ወዳጁም ከሌላ ሰው የተቀበለው ነበር፤ ከላይ ቀኑ ተቆርጧል፣ ከታች ኮሜንቱ የለም። ከችሎት ወጥቼ ገጹን ብከፍት ፖስቱ ጠፍቷል። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰውየው ትከሻዬን መታ አድርገው «ልጄ፣ እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም፤ ችግሩ አንተም አታውቅም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ደንብ አጭር ነው። ጠበቃ ማኅበራዊ ሚዲያ ውስጥ የሚገባው ችሎት እንደሚገባው ነው፤ በራሱ ስም፣ በራሱ ዓይን ለማየት። መረጃ ስትፈልጉም፣ ማስረጃ ስትሰበስቡም፣ ሰው ስትተዋወቁም ነገሩ ዞሮ ዞሮ የስም ጉዳይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ምርምር ስንል አንዱ የሕግ ምርምር ነው፤ እሱን ቶሎ ልለፈው። አዲስ ውሳኔ ሲወጣ የሕግ መምህራንና በአንድ ዘርፍ ላይ ብቻ የሚሠሩ ጠበቆች በዚያው ቀን በሊንክድኢን ወይም በኤክስ ይተነትኑታል፤ መጽሔት ላይ እስኪወጣ ግን ወራት ይፈጃል። ፍርድ ቤቶችም ራሳቸው ሜዳው ላይ ናቸው። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎቱን በቀጥታ ማስተላለፍ ከጀመረ ቆይቷል፤ የሕንዱም የሕገ መንግሥት ክርክሮችን ከ2022 ጀምሮ ያስተላልፋል። አንድ የተካነ ተከራካሪ፣ ዳኛ ንግግሩን አቋርጦ ሲያፋጥጠው እንዴት ሳይደናገጥ ወደ ነጥቡ እንደሚመለስ ማየት ከፈለጋችሁ ስልካችሁ ላይ አለላችሁ። እኛ ተማሪ እያለን ይህን ለማየት የችሎት አግዳሚ ላይ ስንት ቀን ቁጭ ብለናል!

ፖስት ግን ጠቋሚ እንጂ ምንጭ አይደለም። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ ፈጥሮ የሰጣቸውን፣ በምድር ላይ የሌሉ ውሳኔዎች በጽሑፍ ክርክራቸው ጠቅሰው ከነቢሯቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ብዙ ሰው ይህን የማሽን ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። እኔ የሚታየኝ ዋናውን ውሳኔ ከፍቶ ሳያነቡ የመጥቀስ ታሪክ ነው። ከቴሌግራም ቻናል የተቀዳ የመዝገብ ቁጥርም ያው አደጋ አለው። ማጠቃለያውን የጻፈው ሰው በድምፅ የተሸነፈውን ዳኛ የልዩነት ሐሳብ የችሎቱ ውሳኔ አድርጎት ቢሆንስ?

ሥራው የሚከብደው የፍሬ ነገር ምርምር ላይ ነው። ወገቤ ተጎድቶ ጎንበስ ማለት አልችልም ያለው ከሳሽ ተራራ ሲወጣ ይታያል። ድርጅቴ ከስሯል ያለው ነጋዴ በሊንክድኢን አምስት ሠራተኛ እፈልጋለሁ ይላል። ተከሳሹን በመልክም አላውቀውም ያለው ምስክር በሠርጉ ፎቶ ላይ ከጎኑ ቆሟል። እነዚህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጀማሪዎች የሚስቱት ቦታውን ነው፤ የሰውየውን ገጽ ከፍተው፣ ተዘግቶ ሲያገኙት ይመለሳሉ። ጠንቃቃ ሰው የራሱን ገጽ ይዘጋል፤ የእህቱን፣ የቢሮ ጓደኛውን፣ የእግር ኳስ ቡድኑን ገጽ ግን መዝጋት አይችልም። እኔ ፍለጋዬን የምጀምረው ሌሎች ታግ ካደረጉት ፎቶና ከኮሜንት ነው። ሰው ፖስት ሲያደርግ ይጠነቀቃል፤ ኮሜንት ሲጽፍ ግን ልቡ ይከፈታል፣ በተለይ ሲናደድ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። በክፍት በር አሻግሮ ማየትና የተዘጋ በር ማንኳኳት አንድ አይደሉም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2014 ያወጣው 466ኛው የሥነ ምግባር አስተያየት መስመሩን በጁሪ አባላት፣ ማለትም ፍርድ ለመስጠት ከሕዝብ መካከል በሚመረጡ ሰዎች፣ ላይ አስምሮታል። ጠበቃ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ገጻቸውን ማየት ይችላል፤ ገጻቸው ውስጥ ለመግባት ጥያቄ መላክ ግን ከጁሪው ጋር መነጋገር ነውና ክልክል ነው። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ወጥመድ አለች። ሊንክድኢን ላይ የሰው ፕሮፋይል ስትከፍቱ ባለቤቱ «እገሌ ፕሮፋይልህን አይቷል» የሚል መልእክት ሊደርሰው ይችላል። 466ኛው አስተያየት «የተናገረው ድርጅቱ ነው እንጂ ጠበቃው አይደለም» ይላል። ከእሱ በፊት በ2012 የኒው ዮርክ ከተማ ጠበቆች ማኅበር ግን እንዲህ ያለው መልእክትም እንደ ግንኙነት ሊቆጠር ይችላል ብሎ ነበር። እኔ ከጠንካራው ወገን ነኝ። ፍለጋ ከመጀመሬ በፊት ፕሮፋይል ስመለከት ስሜ እንዳይታይ ቅንብሩን አስተካክላለሁ።

«በስማችሁ ግቡ እያልክ ስምህን ትደብቃለህ?» የሚል አይጠፋም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ስሙን እየጠራ አያልፍም። በር አንኳኩቶ «ማነው?» ሲባል ግን እውነተኛ ስሙን ይናገራል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

በ2009 አንድ ጠበቃ ለፊላደልፊያ ጠበቆች ማኅበር ጥያቄ አቀረበ። የአንዲት ምስክር ገጽ ዝግ ነው፤ እሷ የማታውቀው ሌላ ሰው ከእኔ ጋር መሥራቱን ሳይናገር የጓደኝነት ጥያቄ ቢልክላትና ያየውን ቢያመጣልኝስ? መልሱ «ማታለል ነው» የሚል ነበር፤ ሰውየው ስሙን ባይዋሽም፣ ምስክሯ ብታውቅ በሯን የማትከፍትበትን ምክንያት ሸሽጓልና። በኦሃዮ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንድ ዓቃቤ ሕግ በግድያ ክስ ላይ «ተከሳሹ በዚያ ሰዓት ከእኛ ጋር ነበር» የሚሉ ሁለት ሴቶች ሲገጥሙት፣ በፌስቡክ የሌለች ሴት ፈጥሮ፣ የተከሳሹ ወዳጅ መስሎ ከምስክሮቹ ጋር ተጻጻፈ። ቃላቸውን እንዲለውጡ ነበር የፈለገው። ሥራውን አጣ፤ በ2016 ደግሞ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ዓመት እገዳ ጣለበት፣ እገዳውን በገደብ ቢያደርግለትም። ሰውየው እውነቱን እያወጣሁ ነው ብሎ ያምን ነበር። እኔን የሚያስፈራኝም ይህ ነው፤ በሐሰት ስም የሚገባ ጠበቃ ሁሌም ጥሩ ምክንያት አለው።

ስለ ረዳቶቻችሁም ልናገር። በኒው ጀርሲ አንድ የተከሳሽ ወገን ጠበቃ ረዳቱን «ስለ ከሳሹ ኢንተርኔት ላይ ፈልጊ» አላት። ገጹ ክፍት ሳለ ታየዋለች። በኋላ ከሳሹ ሲዘጋው የጓደኝነት ጥያቄ ላከችለት፤ ጠበቃ ላለው ሰው! እንዲህ ያለው ሰው የሚነጋገሩት በጠበቃው በኩል ነው እንጂ በቀጥታ ማነጋገር ክልክል ነው። ጠበቃው የፌስቡክን አሠራር አላውቅም ነበር ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ ለዓመታት ተጎትቶ በ2021 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱ በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም ብሎ ነጻ አወጣው፤ አስከትሎም ከእንግዲህ «አላውቅም ነበር» የሚል መከላከያ እንደማይሠራ ለሁሉም ጠበቃ አስታወቀ። በቢሯችሁ ያለው ልጅ ከእናንተ ይልቅ ቲክቶክን ያውቀዋል፤ ክልከላውን ግን ካልነገራችሁት ከየት ያመጣዋል?

እሺ፣ ፖስቱን አገኛችሁ። ሰውየው ሳያጠፋው ምን ታደርጋላችሁ? የእኔን አሠራር ልንገራችሁ፤ እጃችሁ የሚያውቀው እንዲሆን እንደ ዳቦ ቆረሳ ደጋግማችሁ ሥሩት። መጀመሪያ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር እሸጋገራለሁ፤ በስልክ የተነሳ ስክሪንሹት ሊንኩን አያሳይም። ፖስቱ የተለጠፈበትን ሰዓት ስትጫኑት የዚያ ፖስት ብቻ የሆነ አድራሻ ይከፈታል፤ እሱን እገለብጣለሁ። ገጹን ከነአድራሻው፣ ከነቀኑ፣ ከነኮሜንቱ ሙሉውን አስቀምጣለሁ። ተስተካክሎ ከሆነ ፌስቡክ የቀድሞውን ጽሑፍ የሚያሳይበት ቦታ አለው፤ እሱንም እይዛለሁ። ከዚያ የባለቤቱን መለያ ቁጥር እመዘግባለሁ። የተጠቃሚ ስም ይቀየራል፤ ኤክስም ቴሌግራምም ላይ ዛሬ የእሱ የሆነው ስም ነገ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ከጀርባ ያለው ቁጥር ግን አብሮት ይኖራል።

ሰዓት ደግሞ አለላችሁ። አብዛኞቹ መድረኮች ሰዓቱን የሚያሳዩት በተመልካቹ የሰዓት ክልል ነው። ደንበኛችሁ ከባሕር ማዶ ሆኖ የላከው ስክሪንሹት ሌሊት ሲል፣ እናንተ ያያችሁት ቀትር ሊል ይችላል። ልዩነቱን ቀድማችሁ ካላስረዳችሁ በመስቀለኛ ጥያቄ ያስረዷችኋል። ፎቶ ላይም ተጠንቀቁ፤ ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሚጽፈውን ቀንና ቦታ መድረኮቹ ሲጫን ብዙውን ጊዜ ይፍቁታል። ዋናው ፋይል ካለ፣ ያነሳው ሰው ከስልኩ ራሱ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ በቴሌግራምም ቢሆን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ።

ከዚያ ሊንኩን ለኢንተርኔት አርካይቭ እሰጠዋለሁ። ዌይባክ ማሽን የሚባለው አገልግሎታቸው ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የያዙትን ቅጂ በተመለከተም ለፍርድ ቤት የሚሆን ማረጋገጫ ይሰጣሉ። የፌስቡክን ገጽ ብዙ ጊዜ እሺ ብሎ አይዝም፤ ተራ ድረ ገጽን ግን ይይዛል። መጨረሻ ላይ የሰበሰብኩትን ፋይል ሃሽ አወጣለታለሁ። ሃሽ ማለት ከፋይሉ የሚሰላ፣ አንዲት ነጥብ ብትነካ የሚለወጥ አሻራ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የማስረጃ ደንብ ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ በእንዲህ ያለ መንገድ የተረጋገጠ ቅጂን፣ ባለሙያው በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ ምስክር ችሎት ሳይቆም ይቀበላል። ሃሹን፣ ሰዓቱን፣ ያየው ሰው ማን እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይፈረምበታል። የሚያየውም የሚፈርመውም ሰው እኔ ባልሆን ይመረጣል፤ በራሴ መዝገብ ምስክር ልሆን አልችልምና ረዳቴ አጠገቤ ሆኖ እሱ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ገጹ ላይ ያለው ስም የእውነት የሰውየው ነው? በ2011 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አንድ የግድያ ፍርድ ሻረ። ማይስፔስ በሚባለው ማኅበራዊ መድረክ ገጽ ላይ የወጣ ማስፈራሪያ የተከሳሹ ወዳጅ ጻፈችው ተብሎ ቀርቦ ነበር፤ ማረጋገጫው ፎቶዋ፣ የልደት ቀኗና የምትኖርበት ከተማ ነው። ፍርድ ቤቱ ይህማ ማንም ሊያስገባው ይችላል አለ። በዓመቱ ቴክሳስ ተቃራኒውን ወሰነች። እዚያ ግን ገጾቹ ላይ የተከሳሹ ንቅሳት፣ እግሩ ላይ የታሰረው የክትትል መሣሪያ፣ ስለ ሟቹ ቀብርና ስለ ተኩሱ የተጻፈ ዝርዝር ነበር፤ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሌላ ሰው ማን ነው? ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን አንብቧቸው። ስምና ፎቶ ብቻ ይዛችሁ ችሎት አትግቡ፤ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ገጹ ውስጥ ፈልጉ።

በትክክል የተሰበሰበ ነገር ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ይመልከት። በነሐሴ 2017 በሊቢያዊው አዛዥ ማህሙድ አል ወርፋሊ ላይ የወጣው የእስር ማዘዣ በአመዛኙ በማኅበራዊ ሚዲያ በተለቀቁ ቪዲዮዎች ላይ የቆመ ነበር፤ በሰባት ድርጊቶች 33 ሰዎች ስለ መገደላቸው የቀረበ ክስ። ሰውየው ሳይዳኝ በ2021 ተገደለ፤ ማዘዣው ግን መንገድ ከፍቷል። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ አብረው ያወጡት የበርክሌይ ፕሮቶኮል እንዲህ ያለውን ፍለጋ ደረጃ በደረጃ ይገልጻል። የተጻፈው ለጦር ወንጀል መርማሪዎች ነው፤ ለብድር ክርክርም ይሠራል። ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ...

እስካሁን ስለ ሌላው ሰው ገጽ ነው የተናገርኩት። የደንበኛችሁስ? ቨርጂኒያ ውስጥ ሚስቱ በመኪና አደጋ የሞተችበት ሰው ካሳ ጠየቀ። በፌስቡክ ገጹ ላይ ቢራ ይዞ፣ ቀልድ የታተመበት ካናቴራ ለብሶ የተነሳው ፎቶ ነበር። ጠበቃው በረዳቱ በኩል ገጹን አጽዳ አለው፤ 16 ፎቶዎች ተሰረዙ። ለተቃራኒ ወገን ጥያቄ ደግሞ «የፌስቡክ ገጽ የለኝም» የሚል መልስ ተሰጠ። ነገሩ ወጣ። ጠበቃው 542,000፣ ደንበኛው 180,000 ዶላር እንዲከፍሉ ታዘዘ፤ ጠበቃው በ2013 ለአምስት ዓመት ከሙያው ታገደ። የሚያሳዝነው ያ ፎቶ ባይጠፋም ክሱን አይገድለውም ነበር፤ ሐዘንተኛ ሰው አንድ ቀን ቢስቅ ምን ይደንቃል? እኔ በመጀመሪያው ቀን ለደንበኛዬ የምለው እንዲህ ነው፦ «ወዳጄ፣ ገጽህን ከፈለግክ ለሌላ ሰው ዝጋው። አንድም ነገር ግን አታጥፋ። ስለዚህ ጉዳይም አትጻፍ፤ እኔን ለማመስገንም ቢሆን።» ከዚያ ፌስቡክ ራሱ በሚሰጠው ማውረጃ የገጹን ሙሉ ቅጂ አስወርጄ አስቀምጣለሁ።

ወደ ትውውቁ ልለፍ። አብዛኞቻችን ሊንክድኢን የሥራ ፈላጊ ቦታ፣ ፌስቡክ የወሬ ቦታ ይመስለናል። እኔ ከማኅበራዊ ሚዲያ ያገኘኋቸው ጥሩ መዝገቦች ከደንበኛ አልመጡም፤ ከጠበቃ ነው የመጡት። አንድ ጊዜ በጠበቆች ግሩፕ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው በውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ስለ ማስፈጸም ጠየቀ። በ1958 የተፈረመውን የኒው ዮርክ ስምምነት አምስተኛ አንቀጽ ጠቅሼ፣ ተቃዋሚው ወገን ሊያነሳ የሚችላቸውን መከላከያዎች በአሥር መስመር ጻፍኩለት። አመሰገነኝ፤ ተረሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ጉዳይ የገጠማቸው ባለጉዳዮች ስልኬን ይዘው መጡ። «እሱ ነው የላከን» አሉኝ። እስከ ዛሬ በአካል አልተገናኘንም።

ስለዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ፖስተር ከቢሮ አርማ ጋር በየበዓሉ ከመለጠፍ፣ በወር አንድ ጊዜ አንድ አንቀጽ ሕግ ለሰው በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት ይበልጣል። ስታስረዱ ግን ሁለት ነገር ያዙ። ለማያውቁት ሰው በኮሜንት «ክሰሰው፣ ትረታዋለህ» አትበሉ፤ ሰውየው ጠበቃዬ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል፣ ተቃራኒ ወገኑ ደግሞ የእናንተው ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምስጢር ነው። ኢሊኖይ ውስጥ አንዲት የተከላካይ ጠበቃ ስለ ደንበኞቿ በመጀመሪያ ስማቸው ወይም በእስር ቤት ቁጥራቸው እየጠራች ስትጽፍ ኖራ ሥራዋን አጣች፤ በ2010ም ለ60 ቀን ታገደች። ሙሉ ስም አልጠራሁም ማለት አላዳናትም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2018 ባወጣው 480ኛ አስተያየት ከዚህም ርቆ ሄዷል፤ በክፍት ችሎት የተነገረ ነገር እንኳ ስለ ደንበኛችሁ ከሆነ ያለ ፈቃዱ አይጻፍም። «አንድ ደንበኛዬ» ብላችሁ የምትጀምሩት ታሪክ ሰውየውን የሚያውቀው ጎረቤት ቢያነበው ማን እንደሆነ ይገባዋል ወይ? ከገባው አትጻፉት። እኔ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን የብድር ታሪክ ደንበኛዬ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው የምናገረው፤ አሁን ይስቅበታል።

ከመግባቴ በፊት አንድ ወጣት ባልደረባ ኮሪደር ላይ ይዞኝ «ዳኛ የፌስቡክ ጓደኛ ማድረግ እንዴት ነው?» አለኝ። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ፣ ዳኛና ጠበቃ የፌስቡክ ጓደኛ መሆናቸው ብቻውን ዳኛውን ከችሎት አያስነሳም ብሏል። አራት ለሦስት መሆኑን ልብ በሉ። እኔ ለዳኛ የጓደኝነት ጥያቄ አልክም። ከድሮ ጀምሮ ጓደኛዬ የነበረ ሰው ዳኛ ሆኖ መዝገቤ እሱ ዘንድ ሲደርስ፣ ገና ክርክሩ ሳይጀመር ለሌላው ወገን ጠበቃ እነግረዋለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል፤ አንደኛው ጠበቃ «እኔም እኮ ጓደኛው ነኝ» አለኝ።